ባልቲሞር በመኪና መስኮት አትታይም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቅርቡ ባወጣችሁት እትም አንድ አንባቢ ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ባልቲሞር ለመዛወር ለሚያስቡ ወገኖች ምክር ጽፈዋል። ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ሥራ የጻፉት ጥሩ ነው። አንዱን ምክራቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ኢነር ሃርበር የሚባለውን የመሃል ከተማ የወደብ ዳር መዝናኛ እዩ፣ ከዚያ ወዲያ ምሥራቁም ደቡቡም ያረጀ ፋብሪካና መጋዘን ስለሆነ በመኪና እለፉት ይላሉ።

እኔ የምኖረው እሳቸው እለፉት ባሉት ሰፈር ነው። ሥራዬ አዛውንቶችን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። ስለዚህ የከተማዋን ታሪክ ከኖሩባት ሰዎች አፍ ሰምቻለሁ። በዓይኔ ያየኋት ግን በሳይክል ነው፣ ያውም ከሰው ጋር። ለጸሐፊውም፣ ምክራቸውን ሰምቶ ለሚመጣውም የምለው አንድ ነገር ነው። ይችን አሮጌ የወደብና የፋብሪካ ከተማ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቀስ ብሎ ከሚሄድ የሳይክል ቡድን ጋር ይውጣ።

ቀስ ብሎ ያልኩት አስቤበት ነው። ተጎንብሰው የሚበሩ ብስክሌተኞች እዚህም አሉ፤ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ስለነሱ አይደለም የምጽፈው። የኛ ቡድን የሰፈር ሰው ነው። ነርስ አለች። የጭነት መኪና ሹፌር አለ። ከወደብ ሥራ ጡረታ የወጡ አዛውንት አሉ። ልጇን ከኋላ ወንበር ላይ አስራ የምትመጣ እናት አለች። አንዱ አዲስ የኤሌክትሪክ ሳይክል ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ካቴናው የዛገውን። ፍጥነታችንን የሚወስነው የመጨረሻው ሰው ነው። መንገድ የሚያውቅ ከፊት ይመራል። ከሁሉም ኋላ ደግሞ ሌላ ሰው አለ፤ የሱ ሥራ ከሱ ወደ ኋላ ማንም እንዳይቀር መጠበቅ ብቻ ነው። የትራፊክ መብራት ቡድኑን ለሁለት ከከፈለው ፊተኞቹ ጥግ ይዘው ይጠብቃሉ። ሕጋችን ይኸው ነው።

ሞቅ ያለ ነገር የሚወድ ካለ ባልቲሞር ባይክ ፓርቲ የሚባለው አለ። በየወሩ የመጨረሻ ዓርብ ማታ ነው የሚወጡት። ሙዚቃ የሚያጫውት አለ፣ ለጨዋታው ብሎ ለየት ያለ ልብስ የሚለብስ አለ፣ መንገዱን ይሞሉታል። ደስ ይላል። ለማየትና ለመጨዋወት ግን ትንሹ ቡድን ይበልጣል።

የምንነሳው ፓተርሰን ፓርክ ካለው ፓጎዳ ነው። በ1891 የተሠራ ማማ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የቆመበት ጉብታ ላይ በ1814 የከተማዋ ሰው የእንግሊዝን ጦር ለመመከት መድፍ ደርድሮ ጠብቆበታል። ከዚያ ቆሞ ላየ ሰው ከተማዋ ወደ ውሃው ስትወርድ ትታያለች። ይሄ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። ባልቲሞር ከወደቡ ወደ ሰሜን ሲሄዱባት ዳገት ናት፣ በውሃው ዳር ግን ሜዳ ናት። እኛ ሜዳውን ይዘን ነው የምንሄደው።

ከፓርኩ እንደወረድን ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙ የጡብ ቤቶች መሃል እናልፋለን። ብዙዎቹ በራቸው ላይ ነጭ የእብነ በረድ ደረጃ አላቸው። የምንከባከባቸው አንዲት እናት ቅዳሜ ቅዳሜ ተንበርክከው ደረጃቸውን በድንጋይ ያሹት እንደነበር ነግረውኛል። የጎረቤት ደረጃ ከሳቸው ነጥቶ ካዩ ደግሞ እንደገና ይጀምራሉ። አሁን ስናልፍ አንዳንዱ ደረጃ መሃሉ ተበልቶ ጎድጎድ ብሏል። ስንት ትውልድ እንደረገጠው ያስታውቃል። ይሄ ከመኪና ውስጥ አይታይም፣ በእግር ከሄዱ ደግሞ ከሁለት ሰፈር በላይ አይዘልቁም። ሳይክል ነው ልኩ።

ፌልስ ፖይንት ስንደርስ ዳላስ በሚባለው ጠባብ ጎዳና እንገባለን። እዚያ አምስት የተያያዙ ትናንሽ ቤቶች አሉ። ያሠራቸው ባርነትን በመታገል ስሙ የታወቀው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው፣ በ1892። ዳግላስ ልጅ ሳለ በዚሁ ሰፈር ባሪያ ነበር። ፊደል የቆጠረውም በዚችው ከተማ ነው። ካደገ በኋላ መርከብ ውሃ እንዳያስገባ የጣውላውን መጋጠሚያ በመድፈን ሥራ ተሰማራ፤ ደመወዙን የሚወስደው ግን ጌታው ነበር። በ1838 መርከበኛ መስሎ በባቡር አመለጠ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ተመልሶ፣ ያደገበት ሰፈር ላይ ለጥቁር ተከራዮች ቤት ሠራ። ቤቶቹ ትልቅ አይደሉም። ቆም ብሎ የነገረን ሰው ባይኖር እኔም አልፌያቸው ነበር።

ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ የዳግላስና የአይዛክ ማየርስ ሙዚየም አለ። ማየርስም ያንኑ የመድፈን ሥራ የሠራ ጥቁር ነው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነጭ ሠራተኞች ጥቁሮቹን ከመርከብ ግቢዎቹ አስባረሯቸው። እነሱም ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን የመርከብ መጠገኛ ከፈቱ። እስከ 1884 ሠርቷል። ከተባረሩ በኋላ አዋጥቶ ሥራ መክፈት ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አንባቢ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

ቴምዝ ስትሪት ላይ ግን ወሬ ይቆማል። መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈ ነው፣ በድንጋዩ መሃል ደግሞ ድሮ የወደብ ዕቃ ያመላልስ የነበረው ባቡር ሐዲድ አሁንም ተቀብሮ አለ። የሳይክል ጎማ ልክ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ከፊቴ የነበረች ልጅ ከሐዲዱ ጋር ጎን ለጎን ስትሄድ የፊት ጎማዋ ገባ። መሪው በእጇ ላይ ደረቀ። ወደ ግራ ልትመልሰው ሞከረች፣ እምቢ አላት፣ በጎኗ ወደቀች። ክርኗ ተላጠ፣ ሌላ አልሆነችም። መላው ቡድን ቆመ። አንዱ ውሃ አመጣ፣ አንዱ ፍሬኗንና ካቴናዋን አየላት፣ ከኋላ ያለው ሰው መኪኖቹን በእጁ እያሳየ አሳለፈ። ለሚመጣ ሰው የምመክረው ሐዲድን ቀጥ ብሎ፣ መስቀለኛ አድርጎ መሻገር ነው። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም። ድንጋዩ ላይ ፍሬን በድንገት አይያዝም፣ መሪውም ጨብጠው አይደርቁበትም። ጎማም በጣም አይነፋም፤ ትንሽ ላላ ያለ ጎማ ይሻላል፣ እጅ አያንቀጠቅጥም።

ከዚያ ጆንስ ፎልስን እንሻገራለን። ተራ ጅረት ነው፣ ብዙውም መንገድ ስር ተደብቋል። በየካቲት 1904 የተነሳው ትልቅ ቃጠሎ ግን ወደ ምሥራቅ እንዳይዘልቅ ያስቆሙት እዚህ ነው። ከ1,500 በላይ ሕንፃ ነደደ። ከሌላ ከተማ በባቡር የመጡ እሳት አጥፊዎች ቱቧቸው ከባልቲሞር የውሃ መክፈቻ ጋር አልገጥም አላቸው። አሜሪካ ውስጥ የቱቦ መጋጠሚያ አንድ ዓይነት ይሁን የሚለው ነገር የተጠናከረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጸሐፊው የወደዱት ኢነር ሃርበር ላይ ብዙ አንቆይም። ያምራል፣ ግን እግረኛ ስለሚበዛ እንወርዳለን። ላይት ስትሪት በኩል ስናልፍ ግን የወደብ ሠራተኛ የነበሩት አዛውንት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላሉ። እስከ 1989 እዚያ የማኮርሚክ የቅመም ፋብሪካ ነበር። ቀረፋ የሚፈጭ ቀን ወደቡ በሙሉ ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል። ዓይኔ ታስሮ ብመጣም የት እንዳለሁ አውቅ ነበር ይሉናል። ዛሬ ሽታው የለም። ሲናገሩ ግን አፍንጫቸውን ወደ ውሃው ያዞራሉ።

ሽታው ያልጠፋ ፋብሪካ ማየት የፈለገ ደግሞ ኪ ሃይዌይን ይዞ ወደ ሎከስት ፖይንት ይምጣ። መንገዱ ላይ የኢንዱስትሪ ሙዚየሙ አለ፤ ራሱ ቤቱ ኦይስተር የሚባለው የባሕር ምግብ ታሽጎ ይወጣበት የነበረ ፋብሪካ ነው። ትንሽ አልፎ ዶሚኖ ስኳር ነው። ይሄ ሙዚየም አይደለም። ከ1922 ጀምሮ ይሠራል፣ ዛሬም ከመርከብ ጥሬ ስኳር ይራገፍበታል። ነፋሱ ወደኛ ሲዞር የተቃጠለ ስኳር ይሸተናል። ጣሪያው ላይ ያለው ትልቅ ቀይ ጽሑፍ በ1951 የተሰቀለ ነበር፣ በ2021 በአዲስ ተተክቷል። ማታ ከወጣን ቀዩ ብርሃን ከውሃው ላይ ፌልስ ፖይንት ድረስ ይታያል። ከአጥሩ ውጭ ቆመን ስናይ የፈረቃ ሠራተኞች ሲወጡ እናገኛለን፣ እጅ ያነሱልናል። አሮጌ ነው ተብሎ በመኪና የሚታለፈው ይሄ ነው። እዚያ ውስጥ ሰው እንጀራውን ይበላል።

ከዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። አንድ ጊዜ ከሌላ ቡድን ጋር ወጥቼ ነበር። መሪው በዳርቻው መናፈሻ ብቻ ወስዶ፣ አዳዲሶቹን ሕንፃዎች አሳይቶ መለሰን። ለምን ወደ ፋብሪካው በኩል አንሄድም ብለው የጠየቁ ነበሩ። ምን አለና አላቸው። የጋዜጣችሁ ጸሐፊም ያሉት ያንኑ ነው፣ ለዚህ ነው የቆረቆረኝ። ሳይክል ቡድን የምትመሩ ሁሉ ልለምናችሁ፦ የሥራውን ሰፈር አትዝለሉት። የጭነት መኪና የሚበዛበትን ሰዓት አጥንታችሁ፣ ሥራ በማይበዛበት እሑድ ጠዋት ውሰዱን። ግን ውሰዱን።

ሎከስት ፖይንት ለኛ ለስደተኞች ሌላም ነገር ነው። ከ1868 ጀምሮ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት መነሻ ድረስ ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞች የሚወርዱት እዚህ ነበር፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። መርከቡና ባቡሩ ጎን ለጎን ስለነበሩ ከመርከብ ወርደው ብዙዎቹ ወዲያው ወደ መሃል አገር ይሳፈራሉ። ሌሎቹ ግን ቀሩ። የቆመሩት ዕጣ ከኛ ዕጣ አይለይም። እኔ በአውሮፕላን ነው የገባሁት፣ ቢሆንም እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ከሳይክሌ ወርጄ ትንሽ መቆም እወዳለሁ።

እሑድ ጠዋት የወጣን እንደሆነ ፎርት መክሄንሪ እስከሚባለው አሮጌ ምሽግ እንደርሳለን። ሳይክሉን አስረን ወደ ውሃው ዳር በእግር እንሄዳለን። ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲታይ ፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ነበር። መጋቢት 26 ቀን 2024 ሌሊት ዳሊ የተባለ የጭነት መርከብ ኃይል አጥቶ ምሰሶውን መታው፣ ድልድዩም ወደቀ። ስድስት ሰው ሞተ። ስድስቱም ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ፣ ከሆንዱራስና ከኤል ሳልቫዶር የመጡ፣ በሌሊት የአስፋልት ጉድጓድ ሲደፍኑ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። እኔም የሌሊት ፈረቃ እገባለሁ። በዚያ ሰዓት ማን ሥራ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። ያን ሰሞን ቡድናችን እዚያ ቆሞ ማንም ምንም ሳይል ቆይቷል። ከዚያ ሹፌሩ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው፣ በድልድዩ ላይ ስንት ጊዜ እንዳለፈበትና አንድ ቀንም ወደ ታች ተመልክቶ እንደማያውቅ ነገረን።

ወደቡ ግን አልሞተም። ዋናው የመርከብ መስመር በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ባልቲሞር መኪና በማስገባትና በማስወጣት ከአሜሪካ ግንባር ቀደም ወደቦች አንዷ ናት። ከምሽጉ ዳር ቆሞ ላየ መስኮት የሌላቸው ግዙፍ የመኪና መርከቦች ሲገቡ ሲወጡ ይታያሉ። አዛውንቱ መርከቡ በሆዱ ምን ያህል እንደጫነ ከርቀት ይነግሩናል። ውሃው ውስጥ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ አይተው ነው የሚያውቁት።

እኝሁ አዛውንት ስላደረጉልኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፎርት አቬኑ ላይ የፊት ጎማዬ ተነፈሰ። አዲስ ካላማዳሪያ ይዣለሁ፣ ልቀይር ተቀመጥኩ። ቆይ አሉኝ። ጎማውን ከቸርኬው አወጡትና ጓንታቸውን አውልቀው በጣታቸው ውስጡን ቀስ እያሉ ዙሪያውን ዳሰሱት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ከውጭ ምንም አይታይም። በጥፍራቸው ገፍተው ገፍተው የሩዝ ፍሬ የምታህል የጠርሙስ ስባሪ አወጡ። ይችን ሳታወጪ ብትቀይሪ እዚያ ጥግ ስትደርሺ ትፈነዳብሽ ነበር አሉኝ። ከዚያ እኔው እንድጨርሰው ትተውልኝ ሄዱ፣ አልነኩብኝም። ሌሎቹ አጥሩ ላይ ተደግፈው ይጠብቃሉ። ማንም ሰዓቱን አላየም።

ስለ ስፓሮውስ ፖይንትም ሳልል ማለፍ አልፈልግም፣ ምንም እንኳ ለኛ ቡድን ሩቅ ቢሆን። ቤተልሔም ስቲል በ1916 የገዛው የብረት ፋብሪካ እዚያ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሰላሳ ሺህ ያህል ሰው ይሠራበት ነበር። በ2012 ተዘጋ፣ ትልቁ እቶንም በ2015 በፈንጂ ወረደ። ዛሬ መጋዘን ሆኗል፣ ከወገኖቻችንም እዚያ ሳጥን የሚያነሱ አሉ። የምንከባከባቸው አንድ አባት ዕድሜያቸውን በዚያ ፋብሪካ ጨርሰዋል። ሚስታቸው ነጭ አንሶላ አጥበው ሲያሰጡ ነፋሱ ከተሳሳተ ቀይ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። አባትየው ግን ቀይ አቧራ ካለ ደመወዝ አለ ይሉ ነበር። አቧራው ሳንባቸው ውስጥም ነው ያለው፣ ኦክስጅን ይዘው ነው የሚተነፍሱት። ሁለቱንም አንድ ላይ ይናገራሉ። ከሳይክል ስመለስ የት ደረሳችሁ ብለው ይጠይቁኛል፣ ጎዳና በጎዳና እነግራቸዋለሁ። ያልነበርኩበትን እሳቸው ይሞሉልኛል።

ጸሐፊው የፈሩት ወንጀሉን እንደሆነ ይገባኛል። ባዶ ቤት አለ፣ መስኮቱ በጣውላ የተመታ ቤት አለ፣ ችግር የለም ብዬ አልዋሽም። ለዚህም ነው ከሰው ጋር የምለው። ብቻውን፣ መንገድ ሳያውቅ፣ በጨለማ ማንም አይውጣ። ቡድን ሲሆን ግን ደጃፉ ላይ የተቀመጠ ሰው ሰላም ይላል፣ ልጆች ይከተሉናል። እኔን እስካሁን ያስፈራኝ መስታወቱን ሳያይ የሚታጠፍ ሹፌር ነው። በሜሪላንድ ሕግ መኪና ሳይክልን ሲያልፍ ቢያንስ 3 ጫማ መራቅ አለበት። መኪና የምትነዱ አንባቢዎች ይችን አስቡልን።

ለሚመጣ ሰው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ፍሬኑ የሚይዝ ሳይክል ይበቃል። ለማታ ከፊት ነጭ መብራት፣ ከኋላ ቀይ። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የራስ ቆብ ግዴታ ነው፣ ለአዋቂውም እኔ አጥብቄ እመክራለሁ። አንድ ካላማዳሪያ፣ ትንሽ መንፊያ፣ ውሃ። ሱሪው ሰፊ ከሆነ ቀኝ እግሩን በላስቲክ ይሰረው፣ ካቴና ይበላዋል።

ለጸሐፊው ደግሞ የተለየ ጥሪ አለኝ። ቤቴ አንድ ትርፍ ሳይክል አለ፣ ኮርቻው ለማንም ቁመት ይስተካከላል። በማይዘንብ እሑድ ጠዋት ፓጎዳው ጋ ይምጡ፣ በዳላስ ጎዳና አድርገን እስከ ስኳር ፋብሪካው እንሄዳለን፤ ከደከሙ እንቆማለን። ዝግጅት ክፍሉ አድራሻዬን ይዟል፣ በነሱ በኩል ይጻፉልኝ።

አክባሪያችሁ፣
ከምሥራቅ ባልቲሞር አንዲት አንባቢያችሁ